ሜዲካሉ ለአሠሪዋ ነው፣ ለልጅቷስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ ስለ 72 ሰዓት የጻፍኩትን ግን እባካችሁ እንዳትነኩብኝ።

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደኩት ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ 14 ዓመት ሞላኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም ቤተሰብ ምጣኔና እርጉዝ እናቶች ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ጋ ደሞ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከባቲ፣ በኮንትራት በአውሮፕላን የምትሄደው አለች፣ በሚሌ በሎጊያ አድርጎ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ኦቦክ ወርዶ በጀልባ የመን የሚሻገረው አለ፣ ከሳውዲ ተይዞ ተመልሶ ወር ሳይሞላው እንደገና የሚነሳውም አለ። የቤቱ ቆርቆሮ፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት፣ የአባት መድኃኒት በዛ ብር ነው የሚሸፈነው። እኔ ራሴ ነርሲንግ የተማርኩት ታላቅ እህቴ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በላከችልኝ ብር ነው። ስለዚህ አትሂዱ ልል አይደለም፣ እሱን ለማለት አፍ የለኝም።

የምጽፈው ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ መደፈርና ስላልታሰበ እርግዝና ነው፣ ሲሄዱ ማንም አፍ አውጥቶ ስለማይነግራቸው ሲመለሱም ማንም ስለማይጠይቃቸው።

ሜዲካል የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች የምትሄድ ልጅ ደሟ ይታያል፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ፣ እርግዝና፣ ለቲቢ ደሞ ራጅ ትነሳለች። ካለፈች ፊት (ብቁ) ነሽ ትባላለች፣ ካላለፈች አንፊት። አንፊት የተባለችዋ እያለቀሰች እኛ ጋ ትመጣለች፣ ምን እንደተገኘባት እንኳን በወጉ የነገራት የለም፣ ወረቀቷን የማነብላት እኔ ነኝ። አንዷ የጉበት ቢ ነበር የተገኘባት፣ እሷ ግን ኤችአይቪ መስሏት ወር ሙሉ ለማንም ሳትናገር እህል ሳትበላ ቆይታ ነው የመጣችው። ፊት የተባለችዋ ደሞ ወረቀቷን ይዛ ትሄዳለች፣ በቃ። ይሄ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው እሷ ወደ ማዳም ቤት በሽታ ይዛ እንዳትገባ ነው። የማዳም ቤት እሷን እንዳይጎዳት የሚደረግ ነገር ግን የለም። ደሟ ነፃ ነው ተብሎ በተረጋገጠበት ቀን እንኳን ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ማንም ምንም አይላትም።

ለምሳሌ የጉበት ቢ ክትባት አለው፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚወጋው፣ ዛሬ ከተጀመረ ሁለተኛው በወሩ ሦስተኛው በስድስት ወሩ። በአገራችን በህፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዛ በፊት ከተወለዱት ውስጥ ብዙዎቹ አልወሰዱም። አንዲት ልጅ ፓስፖርት አውጥታ፣ ሰልጥና፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ፈተና ተፈትና፣ ቪዛ እስኪወጣላት ስንት ወር ትጠብቃለች፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ሦስት መርፌ መጨረስ ይቻል ነበር። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ክትባትም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ አሁን ሰላሳዎቹ ውስጥ ሆነው ከአረብ አገር የሚመለሱት እህቶቻችን ያንን አላገኙም፣ እነሱ ቢያንስ ምርመራው ሊደረግላቸው ይገባል፣ ምርመራው ደግሞ ብዙም አያምም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ስልጠናውንም ጠይቄያለሁ። እኔ ጋ የሚመጡትን ልጆች ሁሌ እጠይቃቸዋለሁ፣ ምን አስተማሯችሁ እላለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ማይክሮዌቭ፣ የካውያ አያያዝ፣ ትንሽ አረብኛ፣ ስለ ጤና ስላቸው 'ኤችአይቪ አለ ተጠንቀቁ ብለውናል' ይሉኛል። እንዴት ነው የምትጠነቀቀው? በር የማይቆለፍበት ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም ሳሎን ወይ ኩሽና ወለል ላይ የምትተኛ ልጅ ከማን ነው የምትጠነቀቀው?

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መጣች፣ ከባቲ መንገድ፣ 19 ዓመቴ ነው አለችኝ (እንዳትታወቅ ብዬ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ፣ የሌሎቹንም እንደዛው)። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ 'የሦስት ወሩን መርፌ ፈልጌ ነበር' አለችኝ። አግብተሻል ስላት አላገባሁም አለች፣ ጓደኛ አለሽ ስላት ደነገጠች፣ ኧረ ወላሂ የለኝም አለች። ታዲያ ለምንድነው ስላት መሬት መሬት እያየች 'ደላላው ነው፣ ሴቶቹ መርፌ ተወግተው ይምጡ ብሏል' አለችኝ።

እስቲ ይቺን ቃል ደግማችሁ አንብቧት። ደላላው ያውቃል። መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስባት አውቆ ነው ተወግተሽ ነይ ያላት፣ እናቷም ልቧ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ሁሉም ዝም ብሎ የተስማማበት ነገር እንዳታረግዝ ብቻ ነው። መርፌው ኤችአይቪ አይከለክልም፣ ጨብጥ አይከለክልም፣ ቂጥኝ አይከለክልም፣ የጉበቱን ቫይረስ አይከለክልም። ሦስት ወሩ ካለፈ ደሞ እርግዝናውንም አይከለክልም፣ የመን ላይ ተይዛ ቤተሰብ ብር እስኪልክ የምትቆይ ልጅ ደሞ ስንት ወር እንደምትቆይ አላህ ነው የሚያውቀው።

ወጋኋት። እንዳትሄድ ለመንኳት፣ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ እንደማትሰማኝ እያወቅኩ በሕጋዊው መንገድ ጠብቂ አልኳት፣ ውጪ ወረፋው ብዙ ነበር፣ ሄደች። ከሄደች በኋላ ነው የሰዓቱን ነገር እንዳልነገርኳት ትዝ ያለኝ። መነሃሪያ ድረስ ሰው ልኬ ነበር፣ የባቲ መኪና ወጥቷል አሉኝ። ይሄ ነገር አሁንም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ሴት ትሁን ወንድ፣ አንድ ሰው ከተደፈረ ወይም ኮንዶም ሳይኖር ግንኙነት ካደረገ ኤችአይቪ እንዳይዘው የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ እኛ ፔፕ እንለዋለን። የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ ሦስት ቀን ማለት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተጀመረ ደሞ በጣም የተሻለ ነው፣ ከዛ ሳያቋርጡ በየቀኑ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ለእርግዝናው ፖስት ፒል አለ፣ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል ግን በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል፣ ነገ ማለት አያስፈልግም። ምርመራ ደሞ በማግስቱ ተመርምሮ ነፃ ነኝ ብሎ መተኛት አይደለም፣ እኛ የምንጠቀምበት የጣት ደም ምርመራ ቫይረሱ ከገባ በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ ዛሬም ይታያል በሦስተኛው ወርም ይደገማል። ተደፍራ አርግዛ የተመለሰች ደሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጤና ተቋም እርግዝናውን ማቋረጥ ትችላለች፣ ቃሏ ይበቃል፣ የፖሊስ ወረቀት አምጪ አትባልም። ይሄን የማያውቁ ልጆች የት የት ሄደው በምን በምን እንደሚያስወርዱ፣ ደም እየፈሰሳቸው ሲመጡ ነው የምናየው።

ይሄን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ለእህቴ አነበብኩላት። ስለ ቤይሩት ብዙ አታወራም፣ ካወራችም ስለ ምግቡ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና 'ሰዓቱን ጻፍሽ ጥሩ ነው፣ በሩ የተቆለፈባት ልጅስ በ72 ሰዓት ውስጥ የት ትሄዳለች?' አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፣ ቁልፉ ማዳም እጅ ነው፣ ፓስፖርቱ ባባ፣ የማዳም ባል፣ እጅ ነው፣ ስልኳም ሊቀማ ይችላል፣ ሐኪም ቤት ብትሄድ እንኳን የምትሄደው ከደፈራት ሰው ቤት በመጣ መኪና ነው። በአንዳንዱ አገር ደሞ ያላገባች ሴት አርግዛ ብትገኝ ራሷ ተከሳሽ ትሆናለች። ከቤት ጠፍታ የወጣችዋ ደሞ ወረቀት ስለሌላት ሆስፒታል በር ላይ እያዛለሁ ብላ ትፈራለች።

እና እህቴ ካለችኝ በኋላ ሀሳቤን ትንሽ ቀየርኩት፣ ለልጅቷ መንገር ብቻ አይበቃም፣ የምትደውልለት ሰው ያስፈልጋታል። ሪያድ ኤምባሲ አለን፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ቆንስላ አለን። ስልካቸውን ከመሄዷ በፊት በቃሏ ታጥናው፣ ወረቀት ላይ ከሆነ ሻንጣ ይፈተሻል። የላካት ኤጀንሲም ገንዘቡን እስኪቀበል ድረስ ብቻ ሳይሆን ከዛ በኋላም በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሳ፣ ቢቻል ሴት፣ ሰው ይመድብ። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 ስለ ሠራተኛዋ መብትና ደህንነት ብዙ ይናገራል፣ ደህንነት ማለት ይሄም ነው። አንድ ኤጀንሲ ቢሮ ሄጄ ይሄን ሳነሳባቸው 'ሲስተር እኛ የጤና ሥራ አይደለም የምንሠራው' ብለውኛል። ሜዲካሉን ግን ቀጠሮ የያዙላት እነሱ ናቸው።

ሌላው የሚያቃጥለኝ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን የሚጎዳው ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳዩም፣ ወይ ትንሽ ፈሳሽ ወይ ትንሽ የሆድ ቁርጠት ሆኖ ያልፋል። አንዲት ልጅ ከሳውዲ ተመልሳ ደሴ ላይ ቤት ሠርታ አገባች፣ ሁለት ዓመት ሞላት ልጅ የለም፣ አማቷ ማጉረምረም ጀምረዋል፣ ባልየው ዝም ብሏል። ሪፈር አልናት፣ ሁለቱም የማህፀኗ ቱቦዎች ተዘግተዋል ተባለ። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን ስንነጋገር ነገሩ መጣ፣ ከአምስት ዓመት በፊት እዛ እያለች ከእምብርቷ በታች እያመማት ትኩሳት ይዟት ነበር፣ ማዳም ፓናዶል ሰጠቻት፣ ሥራዋን ቀጠለች። ምን ደርሶብሽ ነበር ብዬ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም፣ ሁለታችንም ገብቶናል። ያኔ በመድኃኒት ሊድን የሚችል ነገር ነበር። ቂጥኝም እንደዛ ነው፣ የማያም ቁስል ይወጣል፣ በራሱ ይድናል፣ ዳንኩ ትላለች፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ነው፣ ስታረግዝ ፅንሱን ሊገድለው ወይ ታሞ ሊወለድ ይችላል፣ ገና በጊዜው ከተገኘ ግን አንድ ቀን በምትወጋው ፔኒሲሊን ይድናል።

ወንዶቹንም ልለፋቸው አልችልም። ስለ አረብ አገር ሲወራ ሁሌ ሴት ናት የምትጠረጠረው፣ 'ከአረብ አገር የመጣች' ሲባል ቃሉ ራሱ ሌላ ትርጉም አለው፣ ልታገባ ስትል ትመርመር ይባላል፣ ሳውዲ ጂዛን ሦስት ዓመት የቆየውን ወንድ ግን ማን ይመርመር ይለዋል? አንዲት እርጉዝ ለክትትል መጥታ ደሟ ኤችአይቪ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ከቀበሌዋ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናት፣ ባሏ ከሳውዲ ከመጣ ዓመቱ ነው። ባልየው መጀመሪያ እሷን ነበር የሰደበው፣ ከዛ እሱም ተመርምሮ ሲወጣ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ የመን ላይ ምን እንደደረሰበት ለሁለት ሰው ነው የተናገረው፣ አንዷ እኔ ነኝ፣ ወንድም ይደፈራል፣ ወንድም ስለማይናገር ነው እንጂ። ሁለቱም መድኃኒት ጀመሩ። እናት መድኃኒት ካልወሰደች ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45ቱ ሊያዙ ይችላሉ፣ በደንብ ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። ልጃቸው በ18 ወሩ ነፃ ነው ተብሎ ክትትሉን ጨረሰ፣ ያን ቀን ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ቡና ያፈሉት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ አገራችን ውስጥ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይሄን ስናገር አሁንም የማያምኑኝ አሉ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከውጭ የመጣች አንዲት በጎ ፈቃደኛ እኛ ጋ ነበረች። አባቴ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሲማር ያስተማሩትን የፒስ ኮር፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ፣ አስተማሪዎች ሁሌ ስለሚያነሳልን ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ከዚችኛዋ ጋር ግን ቡና እየጠጣን ነበር የምንውለው። ወደኛ ከመመደቧ በፊት ሰው ከቤቱ ሲርቅ ብቸኝነት እንዳለ፣ መጠጥ እንዳለ፣ በቋንቋ አለመግባባት እንዳለ፣ እምቢ ማለት የሚከብድበት ቦታ እንዳለ ቁጭ አድርገው አስተምረዋታል፣ ኮንዶም ይሰጣታል፣ አንድ ነገር ብትሆን በሌሊት የምትደውልለት ሐኪም ስልኩ ደረቷ ላይ ባንጠለጠለችው ካርድ ላይ አለ። ያልተማረች፣ ብልግና ያለባት ስለሆነች አልነበረም ይሄ ሁሉ፣ ሰው ስለሆነችና ከአገሯ ስለራቀች ነው። የኛዋ ልጅ ከገርባ ሪያድ ስትሄድ ከዚህ ውስጥ የትኛው ተደረገላት?

መመለሱም እንደዛው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ደሴ መነሃሪያ ላይ በነጠላ ጫማ ፌስታል ይዘው ሲወርዱ አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላም ብዙ ዙር መጥተዋል። እኔ ካነጋገርኳቸው ውስጥ 'በዚህ በኩል ደህና ነሽ ወይ' ተብላ በለሆሳስ የተጠየቀች አንዲት አላገኘሁም። ስንት አመጣሽ ግን ሁሉም ተጠይቀዋል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች 'ልጆቹን በዚህ ወሬ ዓይናቸውን አትግለጡ' ይሉናል። አባቶቼ፣ ደላላው ገልጦታል። ልጅ ስትሄድ በየቤቱ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ እናቶች አልቅሰው ይመርቃሉ፣ ጠበል የሚያስጠምቅም አለ። እዛ ቦታ ላይ አንዲት ያየች ሴት፣ ተመልሳ የመጣች፣ ልጅቷን ወደ ጓዳ ወስዳ አስር ደቂቃ ብታናግራት በቂ ነበር። ሼኾቹም ቄሶቹም ይሄን ቢሉ ከኔ ይልቅ ይሰማሉ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከጋብቻ በፊት ምርመራን ሲደግፉ አይቻቸዋለሁና እምቢ ይላሉ ብዬ አላስብም። ስልጠና የምትሰጡም ከማሽኑ ላይ አንድ ከሰዓት ቀንሱና ለዚህ ስጡት፣ ነርስ ካጣችሁ እኔ በነፃ እመጣለሁ፣ ሌሎችም ጓደኞቼ አሉ።

በዚህ ከተማና በዙሪያው ከአረብ አገር የተመለሳችሁ፣ ሴትም ወንድም፣ ምርመራው በመንግስት ጤና ጣቢያ አለ፣ ምስጢር ነው፣ ኤችአይቪውና መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ለምን መጣችሁ ብሎ የሚፈርድባችሁ ካለ በስሙ ንገሩኝ። ያቺ የባቲ መንገዷ ልጅም የወጋኋት መርፌ የሦስት ወር ነበር፣ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፣ ደርሳ ይሁን መንገድ ላይ ትሁን አላውቅም። የሚያውቃት ሰው ይሄን ካነበበ ይንገራት፣ ክፍሉ እዛው ነው፣ እኔም እዛው ነኝ፣ ወረፋ ሳትይዝ ትግባ።

ስሜ ይቆየኝ
ነርስ፣ ከኮምቦልቻ